አማቴ ያመሰገኑት ማረሻ

ዛሬ ጠዋት የራሴን ብረት በገንዘቤ ገዛሁ። ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ጎን ካለችው ጥግ ቆሜ ፀሐይ ስሞቅ አንድ ቆራሌ ጆንያውን አዝሎ በአጠገቤ አለፈ። ጆንያው ውስጥ ብረት ሲንኳኳ ሰማሁ። ብረት ሲንኳኳ ስሰማ ደግሞ ከዘራዬንም ዕድሜዬንም እረሳለሁ። አስቆምሁትና ጆንያውን አስፈታሁት፤ ከተጨማደደ ቆርቆሮና ከድስት ክዳን መሀል አንዲት የባሌስትራ ቁራጭ ብቅ አለች፤ የጥንት ካምዮን ባሌስትራ፣ የጭነት መኪና ከጎማው በላይ የሚያርፍበት ብረት፣ ዝገቷ ስስ፣ ጎኗ ሙሉ። «ከየት አገኘሃት?» አልሁት። «ከአንድ ቤት ነው አባባ፤ ሴትዮዋ ውሰድልኝ ብላ ለመነችኝ» አለኝ። «የያዘችውን የማታውቅ ሞኝ!» ብዬ ተከራክሬ ገዛሁና በኩታዬ ጠቅልዬ እንደ ታቦት ተሸክሜ ገባሁ። የልጄ ሚስት ከደጃፉ አየችኝና ሁለት እጇን በአፏ ላይ ጫነች። «አባባ! ይችን እኮ ጠዋት ከጓሮ ጠራርጌ ለቆራሌ የሰጠኋት እኔ ነኝ!» ስትስቅ እንባዋ ፈሰሰ፤ ጎረቤት ጠርታ ነገረች፤ ጎረቤትም ጎረቤት ጠራ። እስካሁን ጓሮ ለጓሮ እየሳቁብኝ ነው።

እኔም ብረቷን አልጋዬ ሥር ከትቼ፣ ተቆጥቼ፣ ማንን እንደምቆጣ ግን አጥቼ ተቀመጥሁ። እጄ ዝገት ዝገት ይሸታል። ሰው ሌላውን ሰው በሽቶው ያስታውሳል ይባላል፤ እኔ ወጣትነቴን የማስታውሰው በዝገት ነው። ያኔ ጣሊያን አገር ይዞ ነበር፤ ፍኖተ ሰላምም ገና ወጀት ትባል ነበር፤ ጥቂት ጎጆዎች፣ አንድ ገበያ፣ ብዙ ጭቃ። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። እኔ ዘመኑን የማውቀው በገበያው ነው። አቡጀዲ እንደ ወርቅ የተወደደበት፣ ነጋዴ ሴቶች የጣሊያንን ወረቀት ገንዘብ እንደ እርጥብ ቅጠል በሁለት ጣት አንሥተው የሚመልሱበት ጊዜ ነው። ጠገራ ብር ብትሰጣቸው ግን በብሩ ላይ ያለችውን ሴትዮ ደረት በአውራ ጣታቸው ይዳብሱና የጌጧ ነጠብጣብ የተፋቀ እንደሆነ «ይህችማ አርጅታለች፣ ልጇን አምጣ» ይሉሃል። ጎረምሳው ከካምፕ የወጣች ካኪ ኮት አግኝቶ እንደሆነ በሚያዝያ ፀሐይ ሳይቀር ሳያወልቃት ይውላል። አንዱ ኮት ነበረው፣ አዝራር አልነበረውም፤ ሌላው አዝራር ነበረው፣ ኮት አልነበረውም፤ በገበያ ቀን ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር።

አገራችን ከላህ ወንዝ ማዶ፣ ወደ ቡሬ ከሚወስደው መንገድ ጥቂት ገባ ያለ ነው። አባቴ የታወቀ ገበሬ ነበር፤ እኔም የጨዋ ልጅ እባል ነበር። የጨዋ ልጅ ያርሳል፣ ያስቀድሳል፣ ይካሰሳል፤ ብረት ግን አይቀጠቅጥም። ብረት የጠይብ ነው። ጠይብ ማረሻህን ይሠራልሃል፣ ማጭድህን ይስልልሃል፤ ቤቱ ግን አትበላም፣ ልጁን አታገባም፣ ስትታመም ደግሞ «በላኝ» ትለዋለህ። እንዲህ ያለ ውለታ ቢስነት ነበር፤ ማንም ውለታ ቢስነት ብሎ አልጠራውም እንጂ። እኔ ታዲያ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰፈራችን ጠይብ ባየ ብረት ሲያግል ሳይ ልቤ ይጠፋል። ባየ ጠንካራ፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሚስቱ ደብሪቱ ወናፍ ትነፋለታለች፤ የእርሱንም ድርሻ ጨምራ የምታወራ እሷ ነች። ከአጥሩ ሥር ቆሜ ሳይ «ግባ ወይ ሂድ፤ አጥር ሆነህ አትቅር» ትለኛለች። አልገባም፣ አልሄድም። በመጨረሻ «የራሴን ትንሽ መቀጥቀጫ በጓሮዬ ባቆምስ?» አልሁ። ለእንጀራ አይደለም፤ ለጨዋታ ነው። የዚህን ጨዋታ ያህል ያስለቀሰኝ ነገር የለም።

መዶሻውን ያገኘሁት ከመንገድ ሥራ ነው። በቡሬ በኩል ጣሊያን መንገድ ሲያሠራ ድንጋይ ልፈልጥ ተቀጠርሁ፤ ለደመወዙ ሳይሆን ለመዶሻው። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቀውን ሰው ስለማመጠው ከርሜ፣ እናቴ ለፀጉሯ ያስቀመጠችውን ቅቤ ሰጥቼው የመዶሻ ራስ ሸጠልኝ። ቤት አምጥቼ ሳየው በአንድ ጎኑ የተበላ፣ ቀና አድርገህ ስትመታው ወደ ግራ የሚሄድ ጉድ ነው። እናቴ ለደብረ ታቦር በደረቅ ፀጉሯ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ እኔም እስከ ዛሬ ወደ ግራ እመታለሁ። የጋለ ብረት የሚያዝበትን ጉጠት ከቡሬ ገበያ ከአንዲት ባልቴት ገዛሁ። ብረት ይዞ የተገኘ ሰው «ለሽፍታ ጠመንጃ ሊጠግን ነው» ተብሎ ስለሚያዝ በአንድ ስልቻ በርበሬ ውስጥ ቀበርሁት። ኬላው ላይ አንድ የጣሊያን አስካሪ ወታደር እጁን ስልቻው ውስጥ እስከ ክርኑ ከተተ፤ አቧራው ወጣና አስነጠሰው፤ እኔንም አስነጠሰኝ፤ አህያዋንም አስነጠሳት። «ሂድ! ሂድ!» ብሎ ሰደደኝ። ተርፌያለሁ ብዬ ደስ ቢለኝ ስልቻውን በቋጠርሁበት እጄ የዓይኔን ላብ ጠረግሁና መንገዱን ሁሉ አህያዋ እየመራችኝ ገባሁ። ወናፉንም እንዲሁ ነው። የሁለት ፍየል ቆዳ ሳልቀድ እገፋለሁ ብዬ ቀደድሁት፤ ሰፋሁት፤ በሰፋሁት በኩል ሌላ ተቀደደ። ሲነፋ እሳቱን ትቶ የእኔን ፊት ያነድ ነበር። ድምፁ እንደ ሽማግሌ ማንኮራፋት ስለሆነ የሰፈሩ ልጆች ግጥም አወጡለት፦

የሞላ ወናፍ ሲተነፍስ ያድራል፣
አንድ መርፌ ሳይወልድ ከሰል ይጨርሳል።

ሞላ እኔ ነኝ። ግጥሙን ያወጣው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አሁን ሽማግሌ ነው፣ ሲያገኘኝ ዛሬም በጉሮሮው ያንጎራጉራታል።

የቀረኝ መስፉ ነው፤ ብረት አስደግፈህ የምትቀጠቅጥበት ትልቁ ብረት። ጠይብ ሁሉን ቢሸጥ መስፉን አይሸጥም፤ ከአባቱ የወረሰው ነው። ድንጋይ ላይ ብሞክር ድንጋዩ እየፈነጠረ ግንባሬን ፈነከተኝ። እንዲህ እያለሁ አርበኞች አንድ የጣሊያን ካምዮን ከወንዙ መሻገሪያ ላይ አስቁመው ሞተሩን አቃጠሉ። አገሬው በሌሊት ወጥቶ ጎማውን ለጫማ፣ ሸራውን ለጎተራ ክዳን፣ መስታወቱን ለሙሽራ ከፈለው። እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ፀሐይ ከወጣ ደረስሁ። ለእኔ ተረፈልኝ የተባለው ማንም ያልፈለገው ነው፤ የኋላ ጎማዎቹ የተሰኩበት ያ ወፍራም ብረትና ባሌስትራው። እኔ እኮ የፈለግሁት እሱን ነበር! በሕይወቴ ማርፈድ የጠቀመኝ ያን ቀን ብቻ ነው። የአባቴን በሬዎች ጠምጄ በቀንበር እየጎተትሁ ስመጣ ግን ማንን ላግኝ? በቅሎ ላይ ተቀምጠው፣ ነጭ ኩታቸውን አጣፍተው፣ አያ እንዳላማው ከፊቴ ቆሙ።

አያ እንዳላማው የትጓደድ አባት ናቸው። ትጓደድ ደግሞ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቃል ታስሮ፣ ለጥር ልንጋባ የተባልን እጮኛዬ ናት። አንድ ጊዜ በጥምቀት ከሩቅ ሎሚ ወርውሬላት ዲያቆኑን መትቼዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ስታየኝ ሳቋን መያዝ አቅቷት በነጠላዋ ትሸፈናለች። እኔ ያን ሳቅ ለማየት ስል የምሞት ሰው ነበርሁ።

«ምንድን ነው የምትጎትተው?» አሉኝ።

«እንጨት ነው አያ።»

«እንጨት ድንጋይ ላይ ሲጎተት እንዲህ ይጮሃል?»

«ደረቅ ስለሆነ ነው።»

ከበቅሏቸው ሳይወርዱ በአለንጋቸው ጫፍ መታ አደረጉት። ጭው አለ። በቅሎዋ ጆሮዋን አቆመች።

«ሞላ።»

«አቤት።»

«ሽማግሌዎችህ ሲመጡ ምን አሉኝ? የጨዋ ልጅ ነው አላሉም? ወናፍ አለው አሉኝ? ጓሮው ጭስ ነው አሉኝ?»

«አያ፣ እንጀራ ላደርገው እኮ አይደለም፤ ለጨዋታ ነው።»

ይህን ባልልስ ምን ነበር! ፊታቸው ጠቆረ። «ለጨዋታ! ጠይቡስ ልጆቹን ሊያበላ ነው፤ አንተ ሳይቸግርህ? ጨዋታ ካማረህ ገበጣ አለልህ። ስማኝ፤ ወናፍህን ወንዝ ክተት። በደጅህ ጭስ አየሁ ማለት ቃሌን መለስሁ ማለት ነው። ልጄ ‹የቡዳ ሚስት› ተብላ ከውሃ መቅጃ እንድትባረር አልድራትም።» ብለው በቅሏቸውን ኮለኮሉ። እኔም ከበሬዎቼና ከብረቴ ጋር ቀረሁ። በሬዎቹ ሳይቀሩ የታዘቡኝ መሰለኝ።

ወናፉን ወንዝ አልከተትሁትም። አልዋሽም፤ ልከት ወርጄ ነበር፤ ግን ያን ያህል ያለቀስሁበትን ቆዳ ለአሣ አልሰጥም አልሁ። ሁሉንም ከከብት ቤቱ ገለባ ሥር ቀብሬ ተቀመጥሁ። ትጓደድን ወይስ መዶሻውን? ማንም ጤነኛ ሰው ትጓደድን ይላል፤ እኔም ትጓደድን አልሁ፤ ግን ገለባውን በቀን በቀን እያነሣሁ አየው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ትሉታላችሁ? እኔ የምለውን ጠዋት ለቆራሌው ብያለሁ።

ዝናቡ ሊጥል ሲል ጣሊያኖቹ የየአገሩን ጠይብ ሰብስበው ለበቅሏቸው ጫማ እንዲሠራ ወደ ቡሬ ካምፕ ወሰዱ። ባየም ሄደ፤ መዶሻው፣ ጉጠቱ፣ መስፉ ሳይቀር አብሮት ተጫነ። ደብሪቱ ከቀዘቀዘ ምድጃዋ ጋር ቀረች። በዚያው ሰሞን ባየ ወሬ ልኮ እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ (ብያለሁ እንጂ የሄድሁት ያለ እርሱ ምድጃው ምን እንደሚመስል ለማየት ነው) እቤቷ ብሄድ የአያ እንዳላማው በቅሎ ደጃፉ ላይ ታስራለች። ከጎተራው ጀርባ ተደበቅሁ።

«ባየ የጨረሰው ማረሻ ትቶ አልሄደም?» ይላሉ። «የእኔው ድንጋይ ላይ ለሁለት ተሰበረ። መሬቴ ዳጉሳ ይጠብቃል። ዳጉሳ ካልዘራሁ የሠርጉን ጠላ በምን እጠምቃለሁ? ሠርጉ ለከርሞ ቀረ ማለት ነው፤ ለከርሞ ደግሞ ማን ኖሮ ማን ይሞታል፤ ከደጋ ዳሞትም ሌላ ሰው ልጅህን ስጠኝ ብሎኛል።»

ሌላ ሰው! ራሴን ከጎተራው ጋር አጋጨሁ፤ ጎተራው ጮኸ።

«ምንድን ነው ያ?» አሉ አያ እንዳላማው።

«ዶሮ ነች ጌታዬ» አለች ደብሪቱ፣ ወደ እኔ ሳትዞር። «ለሳምንት ይመለሱ። ይገኛል።»

እሳቸው ሲሄዱ መጥታ ከላዬ ቆመች። «ውጣ አንት ዶሮ። መዶሻ አለህ አይደል?»

«አለኝ፤ ወደ ግራ ይሄዳል እንጂ።»

«መስፍስ?»

«የካምዮን ነው።»

«እኔ እሳት አለኝ፤ ጭሴንም ማንም አይጠረጥረውም። ያንተን ጉድ ሁሉ በገለባ ሸፍነህ አምጣ። ቶሎ በል፤ ሙሽራህ ደጋ ዳሞት ሳትወጣ።»

እንግዲህ ያንን ሳምንት ልንገራችሁ። ደብሪቱ ወናፌን አይታ «ይህን የሰፋው ሰው እጅ ነበረው?» አለችና ፈትታ ራሷ ሰፋችው። ከባሌስትራው ቆርጠን አጋልነው፤ ቀጠቀጥሁት፤ ወደ ግራ ወደ ግራ። ማረሻ ሲመስል ባየ እንደሚያደርገው በቀዝቃዛ ውሃ ነከርነው። ሽሽሽ አለ፤ ከዚያ ጧ! እንደ ሸክላ ለሁለት። ሌላ ሠራን፤ ውሃውን ሞቅ አደረግነው፤ ይህኛው አልጮኸም፤ ደስ ብሎን ድንጋይ ላይ ብንሞክረው ጫፉ እንደ ቆሎ ተፈነጠረ። የአገራችን ብረት ውሃ ይወዳል፤ ይህ የፈረንጅ ብረት ግን ቀዝቃዛም ሞቃትም አይወድም። ደብሪቱ «እንደ ጌቶቹ ነው፤ ምን እንደሚፈልግ አይናገርም፣ ካላገኘ ግን ይቆጣል» አለች። ሳምንቱ አልቆ ነገ አያ እንዳላማው ሊመጡ፣ የቀረን ብረት አንድ ማረሻና አንዲት ትርፍ ቁራጭ ብቻ የሚወጣው ነው፤ ያች ቁራጭ ናት ዛሬ ጠዋት በገንዘቤ የገዛኋት። ቀጥቅጬ ጨረስሁ። በጉጠት እንደ ያዝሁት ቆምሁ። ውሃ ወይስ ምን?

«ንገሪኝ እንጂ! ምን ላድርገው?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? እኔ ወናፍ ነፊ ነኝ! ባየን ጠይቅ!»

«ባየ ቡሬ ነው!»

«ታዲያ ተወው!» ብላ ጮኸች። «ምንም አታድርገው! ከዚያ ጣለውና ራሱ እንደ ወደደ ይብረድ፤ ሰልችቶኛል!»

ጣልሁት። ጀርባ ለጀርባ ተኮራርፈን ተቀመጥን። ሲበርድ ሄጄ ሳልፈልግ አንሥቼ ድንጋዩን መታሁት። ድንጋዩ ተሰነጠቀ። ደግሜ መታሁ። ማረሻው ደህና ነው። ደብሪቱ ተነሥታ አየችው፤ አየችኝ፤ እልል ልትል አፏን ከፈተችና ሰው እንዳይሰማ በእጇ ያዘችው።

በበነጋው አያ እንዳላማው መጡ። እኔ ጎተራው ጀርባ ነኝ፤ ቦታዬን ለምጄዋለሁ። ማረሻውን አገላበጡት፣ በጥፍራቸው መቱት፣ ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። «ማን ነው የሠራው? ባየ የለም።»

አንድ ቃል ብትሳሳት ትጓደድ ሄደች።

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለች። «ሴት መዶሻ ያዘች ብለው እንዳይስቁብኝ ነው ዝም ያልሁት።»

«አንቺ? ይህን?» ማረሻውን እንደገና አገላበጡት። «እጅሽ ይባረክ! ባየ እንኳ እንዲህ ያለ ሠርቶልኝ አያውቅም።»

ወይ መከራ! በዕድሜዬ የሠራሁት አንድ ሥራ፣ የተመሰገንሁበት አንድ ቀን፣ እኔ ከጎተራ ጀርባ ሆኜ የደብሪቱ እጅ ይባረካል። ልወጣና «የእኔ ነው!» ልል እግሬ ተነሥቶ ነበር። ደብሪቱ ወደ ጎተራው ዞራ «ዶሮ፣ እሽ!» አለች። ቁጭ አልሁ።

ዳጉሳው ተዘራ፤ በቀለ፤ ተወቃ። በጥር ተጋባን። አማቴ በራሴ ሠርግ ላይ ጠላ በእጃቸው እንደ ያዙ ስለዚያ ማረሻ አወሩ። ከዚያ ወዲያም እስኪሞቱ ድረስ፣ ጣሊያን ወጥቶ፣ ወጀት ስሟ ተለውጦ፣ ቆርቆሮ ቤት ከተሠራ በኋላ እንኳ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ወደ እኔ ይዞሩና «አንተ ያኔ ልትጫወት የሞከርኸውን ሥራ ሲችሉበት እንዲህ ነው!» ይሉኛል። እኔ «እውነት ነው አያ» እላለሁ። ትጓደድ ነገሩን ስላወቀች በነጠላዋ ተሸፍና ትስቃለች። ያን ሳቅ አግኝቻለሁ፤ ግን አማቴ ማረሻውን ባነሡ ቁጥር ጠላዬን ሳልጨርስ አስቀምጥ ነበር።

ሠርጉ ሳይደርስ ለደብሪቱ ድካሟን ልከፍል ሄጄ ነበር፤ አንድ ቁና ጤፍ ይዤ። ቁናውን በእግሯ ገፋችው። «ከሰው ሁሉ እህል እቀበላለሁ» አለችኝ፤ «ካንተ ግን ሌላ ነው የምፈልገው። ከነሙሽራህ መጥተህ፣ በቀን፣ በሩ ተከፍቶ፣ ከመሶቤ ትበላለህ። እስክትጠግቡ።» «ነገ እንመጣለን» አልኋት። «ነገማ አይሆንም» አለች፤ «አማትህ ከሰሙ ልጃቸውን ይወስዱብሃል፤ ይህን ሁሉ የነፋሁት ለከንቱ ሊሆን ነው? እሳቸው ይለፉና ትመጣላችሁ።» እሳቸው ግን ማለፍ አልፈለጉም፤ ዕድሜያቸውም እንደ ማረሻው አልሰበርም አለ። ባየ ከቡሬ በደህና ተመለሰ፤ ከዚያም ከነሚስቱ ወደ ዘመዶቿ፣ ወደ ፈረስ ቤት ደጋ ወጣ።

አማቴ ካለፉ በኋላ እኔና ትጓደድ ለምሳው ተነሣን። አንደኛ ጊዜ ወንዙ ሞልቶ መለሰን። ሌላ ጊዜ ደረስን፤ ደብሪቱ ልጇ ወልዳለች ተብላ ወርዳ መንገድ ላይ ተላልፈናል። ሌላ ጊዜ ደግሞ የመኪና ዘመን መጥቶ ነበርና ተሳፈርን፤ ወያላው የተናገረውን በደንብ አልሰማሁም፤ ስንነቃ ቡሬ ነን። ትጓደድ ጉልበቷ ከተያዘ ወዲህ «አንተ ብቻህን ሂድ» ትለኛለች፤ ደብሪቱ ደግሞ «ያለ እሷ አልቀበልም» ብላ ትልካለች። ከሁለት ሴቶች መሀል እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይሁን?

ባለፈው ሳምንት ከፈረስ ቤት ወደ ገበያ የመጣ አንድ ነጋዴ ቤቴን ጠይቆ መጣ። ደብሪቱ ዓይኗ ደክሟል፣ አፏ ግን እንደ ድሮው ነው አለኝ። መልእክቷንም ነገረኝ፦ «ጥርስ የለኝም ብሎ እንዳይቀር በሉት፤ ፍትፍት አድርጌ አበላዋለሁ። በሬንም አልዘጋሁ።» ትጓደድ ሰምታ ከአልጋዋ ቀና አለችና ከዘራዋን ጠየቀች። በቅሎ የሚያከራይ ሰው እያፈላለግሁ ነው፤ እስከዚያ ግን ያች ምሳ አለችብኝ።